ለጊዜው ስለ ቆመ ተሽከርካሪ ግብርና መድን
(በኦጎልቾ ከታየው ነገር ተነሥቶ የቀረበ ማብራሪያ)

ተሽከርካሪ የሚገዛው እንዲሄድ ነው። ነገር ግን በአገራችን ያሉት ተሽከርካሪዎች ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ሲሄዱ አይገኙም። አንዱ መለዋወጫ አጥቶ ይቆማል፤ ሌላው ባለቤቱ ታሞበት ወይም ሞቶበት ውርሱ እስኪጣራ ድረስ ይቆማል፤ ሌላው ደግሞ ሥራው የወቅት ሥራ ስለ ሆነ ወቅቱ እስኪመለስ ድረስ ይቆማል። እንዲህ ያለው ተሽከርካሪ ለጊዜው ቆመ እንጂ ከነጭራሹ አልተጣለም። ታዲያ በቆመበት ወራት ባለቤቱ ለመንገድ መክፈል ይገባዋልን? መድንስ መግባት ያስፈልገዋልን? በዚህ ጽሑፍ ልናብራራ ያሰብነው እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ነው። ነገሩ በመጀመሪያ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን እኛ ራሳችን በአንድ ግቢ ውስጥ እንዳየነው፣ በዚህ በትንሹ ነገር ምክንያት የአንድ ቤተ ሰብ ጥሪት ሊናጋ ይችላል።

1ኛ. ጥያቄው የተነሣበት ስፍራ

ኦጎልቾ በአርሲ ዞን የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአሰላ ደጋ ተነሥቶ ወደ ዝዋይ ሐይቅ አቅጣጫ የሚወርድ መንገደኛ ብርዱን ከኋላው ትቶ ሜዳውን ሲይዝ ያገኛታል። የከታር ወንዝ ከአርሲ ተራሮች ወርዶ በዚሁ አገር በኩል ወደ ሐይቁ ይገባል። በመስኖ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም በካሚዮን እየተጫነ ወደ ገበያ ይወጣል። ከዚህ ከፍ ሲሉ ደግሞ ያለው ሁሉ የስንዴና የገብስ አገር ነው። የከተማይቱ ስም ራሱ ከስንዴ ጋር ተያይዟል፤ ይኸውም የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማእከል በ2004 ዓ. ም. ካወጣቸው የዳቦ ስንዴ ዝርያዎች አንዱ «ኦጎልቾ» ተብሎ በመሰየሙ ነው።

በዚህ አገር የእርሻ መኪና እንግዳ ነገር አይደለም። በ1960 ዓ. ም. ግድም በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ «ካዱ» የሚባለው፣ ሥራውን በጀመረበት ዘመን ትራክተር በጭላሎ አውራጃ እየበዛ ሄዶ ነበር። በዚያን ጊዜ ትራክተሩ ለባለ ርስቱ ጥቅም ሲሆን ለብዙ ጭሰኛ ደግሞ ከመሬቱ የመነቀል ምክንያት ሆኖ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ዛሬ ግን ኮምባይነር በኪራይ ስለሚሠራ ትንሽ ማሳ ያለው ገበሬ እንኳ ስንዴውን በኮምባይነር ያሳጭዳል።

ኮምባይነር ደግሞ የወቅት መኪና ነው። በመኸር የተዘራው ስንዴ ሲደርስ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት፣ ሌት ተቀን ዕረፍት የለውም። ባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ አዝመራ የሚሰበሰብበት አገር ስለ ሆነ አንዳንዱ ባለ ኮምባይነር ወደዚያ ተሻግሮ ሥራውን ያራዝማል። ወደ ባሌ የማይሻገረው ግን አጨዳው ሲያበቃ ታጥቦና ቅባት ተቀብቶ ዘጠኝ ወር ያህል በግቢ ይቆማል።

እኛ በኦጎልቾ የገባንበት ግቢ እንዲህ ያለ ነበር። በአንድ ጥግ በሸራ የተሸፈነ ኮምባይነር፣ በሌላው ጥግ ደግሞ ሞተሩ ተበላሽቶ የቆየ አንድ አይሱዙ ካሚዮን ቆመዋል። የግቢው ባለቤት አንድ አዛውንት ናቸው። ቡና አስፈልተው ከተቀበሉን በኋላ የደረሰባቸውን እንዲህ ሲሉ አጫወቱን። አይሱዙው ሲቆም «ለማይሄድ መኪና ምን ያደርጋል» ብለው መድኑን ሳያሳድሱ ተዉት። ዓመታዊ ምርመራውንም አላስደረጉም። ባለፈው ዓመት የሰፈር ልጆች ከመኪናው ላይ ወጥተው ሲጫወቱ የእጅ ፍሬኑን ለቀቁት። ከጎማው ሥር የተደረገውም ድንጋይ ቀድሞ ተነሥቶ ኖሮ፣ መኪናው በቁልቁለቱ ተንከባልሎ ከግቢው በር ወጣና ውኃ ቀድታ ስትመለስ የነበረች የጎረቤት ልጅ እግር ሰበረ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው አዛውንቱ የሕክምናውን ወጪ በሙሉ እንዲችሉና ለቤተ ሰቡም ካሣ እንዲከፍሉ ወሰኑ። ለዚህም ሁለት በሬዎቻቸውን ሸጡ። ልጅቱ እስከ ዛሬ ታነክሳለች።

አዛውንቱ ነገራቸውን ሲጨርሱ፣ «ልጆቼ፣ መኪናው ቆሟል ብዬ መድኑን አቆምሁ፤ ዕዳው ግን አልቆመም» አሉን። ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣን ይህ ንግግራቸው ነው።

2ኛ. ባለ መኪና የሚከፍለው ስለ ምን ነው?

ሰው ብዙ ጊዜ «የመኪና ግብር» ብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ነገር በውስጡ ልዩ ልዩ ክፍያዎችን የያዘ ነው። እነዚህን ለይቶ ያላወቀ ሰው የቆመ መኪናን ነገር ሊረዳ አይችልም።

የመጀመሪያው ከመሄድ ጋር የተያያዘው ክፍያ ነው። በ1989 ዓ. ም. በአዋጅ ቁጥር 66 የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም ከተመደቡለት የገቢ ምንጮች አንዱ በነዳጅ ላይ የሚጣል ክፍያ ነበር። ይህ ክፍያ በባሕርዩ ፍትሐዊ ነው፤ ብዙ የሄደ ብዙ ነዳጅ ስለሚያቃጥል ብዙ ይከፍላል፤ የቆመ ግን ነዳጅ ስለማይቀዳ ምንም አይከፍልም። የቆመው መኪና ባለቤት ማንንም ሳይጠይቅና ማመልከቻ ሳይጽፍ ከዚህ ክፍያ ነጻ ነው።

ሁለተኛው በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣው ክፍያ ነው። በዚያው አዋጅ ለመንገድ ፈንድ ከተመደቡት ምንጮች ሌላው፣ በተሽከርካሪው የአክስል ጭነት ልክ የሚታሰብ ዓመታዊ የፈቃድ ማሳደሻ ነበር። የዚህ ክፍያ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከባድ ካሚዮን መንገዱን ከትንሽ አውቶሞቢል ይልቅ እጅግ አብልጦ ይጎዳዋልና ነው። ነገር ግን አከፋፈሉ በዓመት ስለ ሆነ አሥራ ሁለት ወር የሄደውንና ሦስት ወር ብቻ የሄደውን አይለይም።

ሦስተኛው ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ በ2002 ዓ. ም. በአዋጅ ቁጥር 681 ተደንግጓል። መኪናው ተመርምሮ ደኅና ሲሆን በመስተዋቱ ላይ የሚለጠፈውን ምልክት ሕዝቡ «ቦሎ» ይለዋል። ለምርመራው የሚከፈለው ገንዘብ የአገልግሎት ዋጋ እንጂ የመንገድ ግብር አይደለም። ዓላማውም ፍሬን የሌለው መኪና ከሰው መካከል እንዳይገባ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት ብንናገር ከነገሩ አንወጣም። «ታርጋ» እና «ቦሎ» ሁለቱም ከጣሊያንኛ የመጡ ቃሎች ናቸው። በጣሊያን አገር ቦሎ ሲባል ማኅተም ወይም ቴምብር ማለት ሲሆን የመኪና ግብርም በዚሁ ስም ይጠራል። በዚያ አገር ይህ ግብር ቀድሞ በመንገድ ላይ ለመዘዋወር የሚከፈል ነበር፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1983 ወዲህ ግን መኪናውን በመያዝ ብቻ የሚከፈል ሆነ። ስለዚህ ጣሊያናዊው መኪናውን ጋራዥ ዘግቶ ቢያስቀምጠውም በመዝገብ የእርሱ እስከ ሆነ ድረስ ይከፍላል። ከዚህ የምንረዳው ትልቅ ነገር አለ፤ ይኸውም የቆመ መኪና ይከፍላል ወይስ አይከፍልም የሚለው ነገር የሚወሰነው ግብሩ በመሄድ ላይ ወይም በመያዝ ላይ በመጣሉ መሆኑ ነው።

3ኛ. መድን ግን ከግብር የተለየ ነው

ግብር ለመንገድ ነው፤ መድን ለሰው ነው። ስለዚህ ለአንዱ የሚሆነው ምክንያት ለሌላው ላይሆን ይችላል። «መኪናዬ ከቆመ መንገዱን አይጎዳም» ማለት እውነት ነው። «መኪናዬ ከቆመ ሰው አይጎዳም» ማለት ግን በኦጎልቾ እንዳየነው ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 እንደሚለው፣ የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ጉዳቱ የደረሰው እንዲነዳ ባልተፈቀደለት ሰው እጅ ቢሆንም እንኳ ከኃላፊነት አያመልጥም። ከዚህ ኃላፊነት ነጻ የሚሆነው ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደ ነበረ ሲያስረዳ ነው። ልብ ማለት የሚገባን ሕጉ «ለሥራ ወጥቶ ሳለ» ብሎ ባለመወሰኑ ነው። መኪናው ሥራ ላይ አልነበረም ማለት ብቻውን ለባለቤቱ መከላከያ አይሆነውም።

ይህን ኃላፊነት የሚሸከምለት ደግሞ መድን ነው። የሦስተኛ ወገን መድን በአገራችን ግዴታ የሆነው በ2000 ዓ. ም. በአዋጅ ቁጥር 559 ነው። በ2005 ዓ. ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። የእነዚህ ሕጎች ዋና ነገር ማንም ሰው ያለ መድን ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ወይም እንዳያስነዳ መከልከል ነው። ከዚህ ቃል ተነሥቶ ብዙ ሰው «እንግዲያውስ ካልነዳሁ መድን አያስፈልገኝም» ይላል። ስለ ቅጣቱ ብቻ ሲታሰብ አባባሉ ምክንያት ያለው ይመስላል። ነገር ግን በአዋጁ መሠረት ባትቀጣም በፍትሐ ብሔር ሕግ ካሣ መክፈልህ አይቀርም። ሁለቱ ሕጎች የሚጠይቁት የተለያየ ነገር ነው፤ አንዱ «መድን አለህን?» ይላል፤ ሁለተኛው «ጉዳቱን ማን ይካሥ?» ይላል።

በአዋጁ ስለ ተቋቋመው የመድን ፈንድም መናገር ይገባናል። አንድ ሰው ባልታወቀ ወይም መድን በሌለው ተሽከርካሪ ቢጎዳ ያለ ካሣ እንዳይቀር ይህ ፈንድ ተደንግጓል። ፈንዱ ለተጎጂው ከከፈለ በኋላ ገንዘቡን ከባለ መኪናው መልሶ ይጠይቃል። ስለዚህ ፈንዱ የተሠራው ለተጎጂው እንጂ መድን ላልገባው ባለቤት አይደለም። በኦጎልቾ ያገኘናቸው ሁለቱም ወገኖች፣ የተጎዳችው ልጅ ቤተ ሰብም ሆነ አዛውንቱ፣ እንዲህ ያለ ፈንድ መኖሩን ሰምተው አያውቁም ነበር። የሽማግሌ ዳኝነት መልካም ነገር ነው፤ ቂምን ያበርዳል፤ ሆኖም ለጠያቂው ሌላ በር እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል።

4ኛ. የአረቦኑ ስሌት

ከሦስተኛ ወገን በላይ ያለውን ሙሉ መድን የገባ ሰው ደግሞ የአረቦኑን ክፍሎች ማወቅ አለበት። ሙሉ መድን የሚሸፍነው አደጋ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ከመሄድ የሚመጣ ነው፤ እንደ ግጭትና መገልበጥ ያለው። ሁለተኛው ቆሞም የሚደርስ ነው፤ እንደ ቃጠሎና ስርቆት ያለው። መኪና ሲቆም የመጀመሪያው ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ግን እንዳለ ይኖራል። እንዲያውም ጠባቂ በሌለበት ግቢ ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ባትሪው፣ ጎማውና መብራቱ ተፈትቶ ሊወሰድ ይችላል።

ለምሳሌ ያህል፣ ቍጥሩ ለስሌት ብቻ የተወሰደ ሆኖ፣ የአንድ ኮምባይነር ዓመታዊ አረቦን 6,000 ብር ነው እንበል። ከዚህ ውስጥ 4,000 ብሩ ስለ መሄድ፣ 2,000 ብሩ ስለ ቃጠሎና ስለ ስርቆት ይሁን። መኪናው ሦስት ወር ሠርቶ ዘጠኝ ወር ቢቆም፣ ከ4,000 ብሩ የዘጠኝ ወሩ ድርሻ 3,000 ብር ይሆናል። መድን ሰጪውና መድን ገቢው በውላቸው ቢስማሙ የሚቀነሰው ከዚህ ከ3,000 ብር ላይ ነው። ባለቤቱ «መኪናው ስለ ቆመ 6,000 ብሩን አልከፍልም» ቢል ግን በ3,000 ብር ፈንታ ዓመቱን ሙሉ ቃጠሎውንም ስርቆቱንም የሰውንም ጉዳት በራሱ ጫንቃ መሸከሙ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። የ1952ቱ የንግድ ሕግ መድን ገቢ የሆነ ሰው አደጋውን የሚያከብድ ነገር ሲፈጠር ለመድን ሰጪው እንዲያስታውቅ ያዝዛል። «ቆሟል» ተብሎ አረቦኑ የተቀነሰለት መኪና ወደ ሥራ ሲመለስ አደጋው ከበደ ማለት ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ሞተሩን ከማስነሣቱ አስቀድሞ ማስታወቅ አለበት። ቅናሹን ተቀብሎ ሳያስታውቅ ወደ ማሳ የወጣ ሰው ጉዳት ቢደርስበት ክርክር ይገጥመዋል።

5ኛ. ሌሎች አገሮች ነገሩን እንዴት እንደ ያዙት

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ አገር ከ1998 ወዲህ ባለ መኪና ሁለት ምርጫ ተሰጥቶታል፤ ወይ ግብሩን ይከፍላል፣ ወይ መኪናው ከሕዝብ መንገድ መውጣቱን በጽሑፍ ያስታውቃል። ያስታወቀ ሰው ላልተጠቀመባቸው ሙሉ ወራት የከፈለው ግብር ይመለስለታል፤ መኪናውን ግን በግል ግቢ እንጂ በመንገድ ዳር ሊያቆመው አይችልም። ከ2011 ወዲህም ከመንገድ መውጣቱ ያልተመዘገበ መኪና፣ ቢነዳም ባይነዳም፣ መድን ሊኖረው ግድ ሆኗል። ዝምታ እዚያ አገር መልስ አይደለም።

በጀርመን አገር ከ1997 ጀምሮ የወቅት ሰሌዳ የሚባል አለ። በታርጋው ላይ መኪናው የሚሄድባቸው ወራት ተጽፈዋል፤ ከሁለት ወር ያላነሱ፣ ከአሥራ አንድ ወር ያልበለጡ ናቸው። ግብሩም የመድኑ አረቦንም የሚታሰበው በእነዚያ ወራት ነው። ከወራቱ ውጭ መኪናው በሕዝብ መንገድ ሊሄድም ሊቆምም አይፈቀድለትም። ፖሊስ ታርጋውን አይቶ ወዲያው ያውቃል። ለአርሲ ኮምባይነር እንዲህ ያለው ሥርዐት ምን ያህል እንደሚስማማ አንባቢ ራሱ ሊፈርድ ይችላል።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የተመለከታቸው ሁለት ጉዳዮች ናቸው። አንደኛው በስሎቬኒያ የደረሰ ነው። በአንድ የእርሻ ግቢ ድርቆሽ ወደ ጎተራ ሰገነት ሲወጣ፣ ተጎታች የያዘ ትራክተር ወደ ኋላ ሲመለስ አንድ ሰው የወጣበትን መሰላል መታውና ሰውየው ወድቆ ተጎዳ። መድን ሰጪው «ይህ በግቢ ውስጥ የተደረገ የእርሻ ሥራ ነው እንጂ የመንገድ ጉዞ አይደለም» ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ በ2014 ዓ. ም. የግዴታው መድን እንዲህ ያለውንም የተሽከርካሪ አጠቃቀም ይሸፍናል ሲል ፈረደ።

ሁለተኛው በፖርቱጋል የደረሰ ነው። አንዲት ሴት በሕመም ምክንያት መንዳት አቁመው መኪናቸውን ያለ መድን በግቢያቸው አቆሙት፤ ከመዝገብ ግን አላስወጡትም። ልጃቸው ሳያስፈቅዳቸው መኪናውን ይዞ ወጣና በ2006 በደረሰ አደጋ እርሱና ሁለት ተሳፋሪዎች ሞቱ። ፍርድ ቤቱ በ2018፣ መኪናው በመዝገብ ያለና ሊነዳ የሚችል እስከ ሆነ ድረስ ባለቤቲቱ ሊነዱት ባያስቡም መድን ሊኖረው ይገባ ነበር አለ። ከዚህ በኋላ ኅብረቱ በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ በአገሩ ሕግ በተወሰነ ሥርዐት ለጊዜው ከአገልግሎት የወጣ ተሽከርካሪን አገሮች ከመድን ግዴታ ነጻ ሊያደርጉ እንዲችሉ ፈቀደ።

ከእነዚህ ሁሉ የምናወጣው አንድ ሐሳብ አለ። ሕግ «የቆመ» የሚለውን መኪና የሚያውቀው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው፤ አንደኛ መቆሙ በጽሑፍ ሲታወቅ፣ ሁለተኛ በእውነት ከመንገድ ሲገለል። በባለቤቱ ልብ ብቻ የቆመ መኪና በሕግ ዓይን እንዳልቆመ ይቈጠራል።

6ኛ. ለባለ ንብረቶች የምንሰጠው ምክር

የኛ ሰው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላል። ለቆመ መኪናም ምክሩ ይኸው ነው።

ሀ) መኪናው ከመቆሙ አስቀድሞ ፋይሉ ወዳለበት የትራንስፖርት ቢሮ ሄዶ ማመልከቻ በጽሑፍ ማስገባትና ቀኑ ያለበትን ማስረጃ መቀበል ይገባል። ሁለትና ሦስት ዓመት ከቆመ በኋላ «ቆሞ ነበር» ብሎ በቃል ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። አዛውንቱም ያጡት ይህንኑ ወረቀት ነው።

ለ) የመድኑን ውል በዝምታ እንዲያልቅ ከመተው ይልቅ ወደ መድን ሰጪው ሄዶ መኪናው የሚቆምባቸውን ወራት መናገርና ውሉን በዚያ ልክ ማስተካከል ይሻላል። የተስማሙበት ነገር በውሉ ላይ ይጻፍ።

ሐ) መኪናው በእውነት እንዲቆም ማድረግ ያስፈልጋል። ባትሪው ይፈታ፤ ቁልፉ ከባለቤቱ እጅ አይለይ፤ ጎማው በድንጋይ ሳይሆን በእንጨት ታኮ ግራና ቀኝ ይታገድ፤ ቁልቁለት ላይ አይቁም፤ ግቢው ይዘጋ። ይህ ወጪ የለውም ለማለት ይቻላል፤ የሚያድነው ግን የሰው እግርና የሰው ነፍስ ነው።

መ) መኪናው ወደ ሥራ ሲመለስ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ መጀመሪያ መድን፣ ቀጥሎ ምርመራ፣ በመጨረሻ መንገድ። ለምርመራ የቀረበ ባለ ንብረት የመድን ማስረጃ ይጠየቃልና ይህን ቅደም ተከተል ማፍረስ መመላለስን ያተርፋል። ረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ፍሬኑና ጎማው ሊደክም ስለሚችልም ሳይመረመር መውጣት አይገባውም።

መደምደሚያ

እንግዲህ በመጀመሪያ ላነሣናቸው ሁለት ጥያቄዎች መልሳችን ይህ ነው። ስለ ግብሩ፣ መንገድን ያልነካ መኪና ለመንገድ እንዳይከፍል መጠየቅ ተገቢ ነው። ዘጠኝ ወር ለሚቆም የእርሻ መኪና የወቅት ሰሌዳን የመሰለ ሥርዐት ቢታሰብለት ባለ ኮምባይነሩም የሚከራየው ገበሬም ይጠቀማሉ ብለን እናምናለን። ስለ መድኑ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሊነሣ የሚችል መኪና ሰውን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ባለቤቱ ከመድን ነጻ እንዲሆን የሚገባው መኪናው መነሣት እንዳይችል ሆኖ ሲቀመጥና ይህም ሲመዘገብ ነው።

ከኦጎልቾ ስንወጣ አዛውንቱ እስከ በሩ ድረስ ሸኙን። አይሱዙው ጎማዎቹ ወልቀው በአራት ግንድ ላይ ተቀምጦ ነበር። የኮምባይነሩንም የመድን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩን፤ ያን ዓመት አሳድሰውታል። የጎረቤት ልጅም በበሩ ፊት እያነከሰች አለፈች፤ «አባባ፣ እንደምን ዋሉ» ብላ ሰላምታ ሰጠቻቸው። እርሳቸውም «ደኅና ነሽ ወይ ልጄ» ብለው መለሱላት።